ዶን ኤልፒዲዮ፣ ከእንግዲህ አይቀቅሉ

እስቲ አንዴ ዝም በሉኝ! ዶንያ ኦርቴንሲያ፣ ያቺን ራዲዮ ይቀንሱልኛል? እግዚአብሔር ይስጥልን። ቤዝቦሉን እንደሆነ እየተሸነፍን ነው፤ የሚቀርባችሁ ነገር የለም።

ዶን ኤልፒዲዮ ወደዚህ ሥጋ ቤት የመጡበትን ቀን እኔ አላየሁትም። እሳቸው ከመጡ ሠላሳ አንድ ዓመት ሆኗል፤ እኔ ገና አሥራ ስድስት ዓመቴ ነው። ነገር ግን ዶንያ ኦርቴንሲያ ታሪኩን በየቅዳሜው ስለሚነግሩኝ፣ እዚያ ከነበሩት ሰዎች ይልቅ እኔ ሳላውቀው አልቀርም።

ግማሽ ኪሎ የጎድን ሥጋ ሊገዙ ነበር የመጡት። ያን ጊዜ እዚህ ጓሮ ውስጥ የሚጠብሱት የቤቱ ባለቤት፣ የዶንያ ኦርቴንሲያ አባት ነበሩ። ዶን ኤልፒዲዮ ሽታው ስቧቸው ሱቁን አቋርጠው ወደ ጓሮ ይዘልቃሉ። ባለቤቱ ሥጋውን በሹካ እየወጉ ሲያገላብጡ ያያሉ።

«ይቅርታ ጌታዬ፤ ይሄ ሥጋ ምን አድርጎዎት ነው እንዲህ የሚወጉት?»

«አንተ ደግሞ ማነህ?»

«ደንበኛ ነኝ።»

«እኔ ባለቤቱ ነኝ።»

«እንግዲያው ባለቤት ወደ ሚዛኑ ይሂድ። ያንን ሹካ ጣሉትና ጉጠት አምጡልኝ።»

አሠሪውን ከቦታው አባርሮ የተቀጠረ ሰው፣ በሞንተሞሬሎስ ከተማ ከዶን ኤልፒዲዮ ሌላ አልሰማሁም። ሚስታቸው ዶንያ ኤልቪራ ግን ሽንኩርቱን ከትፈው ያንን ግማሽ ኪሎ ሥጋ ቤት ሆነው ይጠብቁ ነበር።

አያችሁ? «አሁንም እየጠበቅኩ ነው» ይላሉ።

እንግዲህ ነገ ጠዋት ሁለቱም ሴት ልጃቸው ጋ ሊኖሩ ወደ ሳልቲዮ ይሄዳሉ። ስለዚህ እኔ ዛሬ ሁለት ሥራ አለብኝ። አንደኛው በዶን ኤልፒዲዮ ላይ ማሳቅ ነው፤ እሱን ዶንያ ኦርቴንሲያ አዘውኛል። ሁለተኛው ለዶን ኤልፒዲዮ መልእክት ማድረስ ነው። ወንድሜ ኔፍታሊ የተናገረው ነገር ነው። ከሞተ ዓመት ከሁለት ወር ሆኖታል፤ ይሄን ሁሉ ጊዜ በሆዴ ይዤው ኖሬአለሁ። ነገ ሳልቲዮ ከገቡ በኋላ በስልክ የሚነገር ነገር አይደለም። ዛሬ፣ እዚህ፣ ሁላችሁም እየሰማችሁ እነግራቸዋለሁ።

መጀመሪያ ግን ሳቁን።

የዶን ኤልፒዲዮን እሳት የምታውቁ ታውቃላችሁ። ቴርሞሜትር የሚባል ነገር አይወዱም። መዳፋቸውን ከከሰሉ በላይ ይዘረጉና «አባታችን ሆይ» ይላሉ። «መንግሥትህ ትምጣ» ሳይሉ እጃቸው ከሸሸ፣ እሳቱ የሥጋ እሳት ነው። «የዕለት እንጀራችንን» ድረስ ካስኬዳቸው የዶሮ ነው። ለሞዬሃ፣ ቀስ ብሎ ለሚበስለው ነጭ የጥጃ ሥጋ ግን፣ እስከ «አሜን» መድረስ አለበት። እሳት ማንበብ ያስጀመሩኝ ቅዳሜ እኔንም ሞከሩኝ። እጄን ዘርግቼ፣ ፈርቼ፣ በአንድ ትንፋሽ አነበነብኩት።

«አንት ውርጋጥ! ይሄ ጸሎት ነው ወይስ የፈረስ ግልቢያ?»

«እያቃጠለኝ እኮ ነው፣ ዶን ኤልፒዲዮ!»

«እግዜርም እንደዚህ ተቻኩለህ ስትጠራው አይሰማህም፤ ሞዬሃውም አይበስልልህም። እንደገና!»

በዚያን ቀን አሥራ አንድ ጊዜ ጸለይኩ። እናቴ ስነግራት አለቀሰች። ልጄ ወደ ቤተ ክርስቲያን ተመለሰ ብላ ነው።

ስለ ጨዉም ልንገራችሁ። ጨው የሚያስቀምጡት በሸሚዛቸው ኪስ ውስጥ ነው። በማሰሮ አይደለም፣ በከረጢትም አይደለም። ዶንያ ኤልቪራ ያንን ሸሚዝ ሲያጥቡ ገንዳው ባሕር ይሆናል። አንድ ቀን በቅዳሴ መሀል ሰላም ልንባባል ስንጨባበጥ፣ ቄሱ ዶን ኤልፒዲዮን የጨበጡበትን እጃቸውን አይተው ቀስ ብለው ሲልሱት አይቻለሁ። አላየንም እንዳትሉ።

ጎረቤታችን ዶን ሲክስቶም እዚህ አሉ። ባለፈው ዓመት የጋዝ መጥበሻ ገዝተው ሊያሳዩን ጠሩን። ዶን ኤልፒዲዮ ገብተው አዩት፤ ባርኔጣቸውን አወለቁ፤ የዶን ሲክስቶን እጅ ያዙና «እግዜር ያጽናህ ወንድሜ» ብለው ወጡ።

ደግሞ ፋብሪሲዮ አለ። ከሜክሲኮ ሲቲ የመጣ አማቻቸው ነው፤ አትደበቅ፣ እዚያ ጋ ተቀምጠሃል። ሊተዋወቅ የመጣ ዕለት ዶን ኤልፒዲዮ ጥርት ብሎ የተጠበሰ ሞዬሃ በቶርቲያ ቂጣ ጠቅልለው፣ ሎሚ ጨምቀው ሰጡት።

«ይሄ ነጩ ምንድን ነው፣ ዶን ኤልፒዲዮ?»

«መጀመሪያ ብላ።»

አራት በላ። አፉን ጠረገና «አሁን ይንገሩኛ» አለ።

«ከጥጃው አንገት ሥር የሚወጣ እጢ ነው።»

«እጢ?!»

ፋብሪሲዮ ተነሥቶ ወደ አጥሩ ሄደ። አጥሩን ይዞ ለረጅም ጊዜ አሰበ። ተመልሶ መጣና በጣም ዝግ ባለ ድምፅ «አምስተኛ ይኖራል?» አለ። ዶን ኤልፒዲዮ ልጃቸውን የዳሩት በዚያች ደቂቃ ነው። ከዚያ በኋላ የሆነው ሰርግ ለፎቶግራፍ ብቻ ነበር።

እሺ፤ ሳቁ ይበቃናል። አሁን ሁለተኛው።

ኔፍታሊን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። አራት ዓመት ዶን ኤልፒዲዮ አጠገብ ቆሟል። ሞዬሃ መንከር፣ ቀጭኗን ሽፋን ሳይቀዱ መላጥ፣ እሳት ዳር አስቀምጦ መጠበቅ፣ ሁሉንም የተማረው ከሳቸው ነው። የሚጨቃጨቁትን ያህል የሚዋደዱ ሁለት ሰዎች ቤታችን ውስጥ እንኳ አላየሁም።

የመጨረሻውን ቅዳሜም ታስታውሳላችሁ። ለልጆች የመጀመሪያ ቁርባን ግብዣ ስድሳ ሰው ይጠበቅ ነበር። ኔፍታሊ ጊዜ ለማትረፍ ብሎ ሞዬሃውን በድብቅ ቀቀለው። ዶን ኤልፒዲዮ አረፋውን አዩት።

«ይሄ ምንድን ነው? ሾርባ?»

«ሃያ ደቂቃ ብቻ ነው፣ ዶን ኤልፒዲዮ። ከዚያ እሳቱ ላይ ቶሎ ይደርሳል።»

«ቤትህ በሽተኛ አለ እንዴ? መቀቀል ለበሽተኛ ነው!»

«ዓለም ሁሉ ቀቅሎ ነው የሚጠብሰው!»

«እንግዲያው ዓለም ሁሉ ጋ ሂድ! ለእሳት ክብር እስክትማር ድረስ ወደዚህ ጓሮ እንዳትመለስ!»

ኔፍታሊ ሽርጡን ፈትቶ ብርቱካኑ ዛፍ ላይ ወረወረና ሄደ። ሐሙስ ዕለት በሊናሬስ መንገድ ላይ የጭነት መኪና ገጨው። ሃያ ሁለት ዓመቱ ነበር።

ከቀብሩ በኋላ በነበረው ቅዳሜ ሽርጡን ልወስድ መጣሁ። ዶን ኤልፒዲዮ እዚያው ቆመው ነበር። «ቆሽሿል። ዛሬ ሥራበት፣ እጠበው፣ ከዚያ ትወስደዋለህ» አሉኝ። ይኸው እስካሁን አጥቤ አልጨረስኩም።

በዚያ ቅዳሜ ሌላም ነገር አየሁ። እናንተም አይታችኋል፤ ግን አንድም ሰው አፍ አውጥቶ አልተናገረም። ዶን ኤልፒዲዮ ድስት ጣዱ። ውኃ ሞሉ፣ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ጨመሩ፣ ሞዬሃውን ቀቀሉ። ሠላሳ ዓመት «መቀቀል ለበሽተኛ ነው» ያሉ ሰው ናቸው። ከዚያች ቀን ጀምሮ፣ ዓመት ከሁለት ወር፣ አንድም ቅዳሜ ሳይቀር ቀቅለዋል። ደንበኛው ይበላል፣ ሰሐኑን ያያል፣ ዝም ይላል። ዶን ሲክስቶ እንኳ ዝም አሉ፤ እሳቸው ዝም ሲሉ አይታችሁ ታውቃላችሁ?

ለምን እንደሚቀቅሉ ሁላችንም ገብቶናል። ኔፍታሊን አባረውት፣ ሳይታረቁ ሞተ። ስለዚህ እሱ ባለው መንገድ እየሠሩ በየቅዳሜው ይቅርታ ይጠይቁታል።

ዶን ኤልፒዲዮ፣ አሁን እኔን ይዩኝ። መሬቱን አይዩ።

በዚያ ቅዳሜ ማታ ኔፍታሊ ቤት ሲገባ ተናድዶ አልነበረም። ተርቦ ነበር። ባቄላውን እየበላ ማንኪያውን እንደ ጉጠት ያዘ፤ ወገቡን ይዞ፣ ሆዱን ነፍቶ፣ እርስዎን ሆነ። «ዓለም ሁሉ ጋ ሂድ!» እያለ እናቴን እንባዋ እስኪመጣ አሳቃት። እማዬ፣ እዋሻለሁ? ይኸው አልዋሸሁም። እኔም «ታዲያ ቅዳሜ ምን ልታደርግ ነው?» አልኩት።

«ምን አደርጋለሁ? እሄዳለኋ። ያባርረኛል። በሩ ላይ እቀመጣለሁ። እንደገና ያባርረኛል። ስድስት ሰዓት ሲሆን ሰው ይበዛበትና ጉጠቱን ያቀብለኛል።»

ቀጥሎ ያለውን ነው እስከ ዛሬ የያዝኩት። ማንኪያውን አስቀመጠና እንዲህ አለ፦

«ደግሞ ሽማግሌው ትክክል ነው። የቀቀልኩትን ቀመስኩት፤ ስፖንጅ ነው። ግን እንዳትነግረው! ከነገርከው በኋላ አብሮት መኖር አይቻልም።»

ዶን ኤልፒዲዮ፣ ወንድሜ ያለው ይሄንን ነው። ቃል በቃል።

ለምን ዝም አልክ ካሉኝ፣ እውነቱን እናገራለሁ። መጀመሪያ ተቆጥቼብዎት ነበር። አሥራ አምስት ዓመቴ ነበር፤ አንድ ሰው ጥፋተኛ እንዲሆንልኝ እፈልግ ነበር፤ የጭነት መኪናውን ሹፌር ደግሞ አላውቀውም። እርስዎ ግን በየቅዳሜው ፊቴ ነዎት። ያንን ድስት ሲጥዱ እያየሁ፣ «ይቃጠል» እል ነበር በልቤ። ከዚያ ቁጣው አለፈ። እርስዎ እሳት እንዴት እንደሚነበብ እያስተማሩኝ፣ ፈተና ሲኖርብኝ በጊዜ ወደ ቤት እየላኩኝ፣ የእናቴን ድርሻ ሁልጊዜ ለብቻ እየጠቀለሉ እንዴት ልቆጣ? ቁጣው ሲያልፍ ደግሞ ኀፍረቱ መጣ። በየሳምንቱ «ዛሬ እነግራቸዋለሁ» እላለሁ፤ በየሳምንቱ አንድ ሳምንት የዘገየ ሰው እሆናለሁ። ይቅርታ ያድርጉልኝ። ያ ድስት በእርስዎ ላይ እኔ የጫንኩት ነው።

ሰው ሲሞት ሁሉም ነገሩ ትክክል ነበር ይባላል። በቀብሩ ዕለት ስለ ኔፍታሊ የሰማሁት ሁሉ የሌላ ሰው ታሪክ ነበር የሚመስለው። ወንድሜ ብዙ ጊዜ ይሳሳት ነበር። ካልሲዬን አድርጎ ይክዳል፣ ሲያንኮራፋ ግድግዳው ይንቀጠቀጣል፣ በሞዬሃ ጉዳይ ደግሞ ተሳስቷል፤ መሳሳቱንም ያውቅ ነበር። እንደዚያው አድርጌ ነው ላስታውሰው የምፈልገው። እርስዎም እንደዚያው ይያዙልኝ። ቅዳሜ ሊመጣ ነበር። አልቀረም፤ ሞት አላስመጣው ብሎ ነው።

እና እኔ ዛሬ አንድ ነገር አድርጌአለሁ። ዶንያ ኤልቪራን እስከ ስድስት ሰዓት ሻንጣ በማሸግ እንዲያቆዩዎት ለምኜ ነበር። አዎ፣ ያ ሻንጣ ትናንት ታሽጎ አልቋል። እዚያ ፍርግርጉ ላይ ያለው ሦስት ኪሎ ሞዬሃ ሌሊቱን በቀዝቃዛ ውኃና በጨው ተነክሮ አድሯል። ከዚያ ወዲያ ውኃ አላየም። አንድ ሰዓት ተኩል ሙሉ እሳቱ ዳር ነው። ካረረ ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ከጣፈጠ ትምህርቱ የእርስዎ ነው። ሳልቲዮ ሄደው እስከ ዕድሜዎ ፍጻሜ እየቀቀሉ እንዲኖሩ አልፈቅድም። ፋብሪሲዮም ቢሆን ስፖንጅ የሚያስበላው ጥፋት አልሠራም።

ዶን ኤልፒዲዮ፣ ለኔፍታሊ አራት ዓመት፣ ለእኔ ዓመት ከሁለት ወር አባት ሆነውልናል። አባታችን ከሄደ በኋላ ማንም ጮሆብን አያውቅም ነበር፤ እርስዎ ጮሁብን። በስማችን ጠርተው፣ ጥፋታችንን ነግረው፣ በሚቀጥለው ቅዳሜ ደግሞ ቦታችንን ጠብቀው። እናመሰግናለን። ይሄ ከእናቴም ነው።

በሉ እንግዲህ፣ ቢራ ያላችሁ ቢራችሁን አንሡ። እኔ የብርቱካን ጭማቂዬን አነሣለሁ፤ እናቴ እያየችኝ ነው። ዶን ኤልፒዲዮና ዶንያ ኤልቪራ ረጅም ዕድሜ ይስጣችሁ። የሳልቲዮ ብርድ አይድፈራችሁ። ጓሮአችሁ ሰው አይጉደልበት፣ ደጃችሁን የሚያንኳኳ ዘመድ አትጡ፣ የልጅ ልጆቻችሁ ያድክሟችሁ። እኛም ክረምት ሲመጣ ሳንጠራ እንመጣለን።

ለዶን ኤልፒዲዮ!

አሁን ይነሡና ይቅመሱት። ቀምሰው ሲጨርሱ ትክክል እንደነበሩ ጮክ ብለው ይንገሩን፤ ዛሬ ብቻ ማንም አይከራከርዎትም።