ለስክሪን «ኖር!» የሚሉት ጋሽ ባምላኩ

የተከበራችሁ እንግዶች፣ ከሁሉም በላይ የተከበሩት የጋሽ ባምላኩ ባለቤት እትዬ ወለተጻድቅ፣ እንዲሁም ቡራኬው ሳያልቅ ሳምቡሳውን የጀመራችሁ የኋላ ረድፍ ሰዎች፣ እንደምን ዋላችሁ!

ሰልሳቢል እባላለሁ። በዚህ ወጣት ማዕከል የፊልም ገምጋሚ ቡድን ውስጥ የወጣቶች ተወካይ ነኝ። ሥራችን ከድሮ ዘመን ልብ ወለዶች የተሠሩ ፊልሞችን እያየን መፍረድ ነው፤ የትኛው ተዋናይ እውነት ንጉሥ እንደሆነ፣ የትኛው ደግሞ ካባ የደረበ የሰፈር ልጅ እንደሆነ። ሰብሳቢያችን ጋሽ ባምላኩ ናቸው። ይቅርታ፣ ነበሩ። ከዛሬ ጀምሮ ጡረተኛ ናቸው። ይኸው፣ ገና ቃሉን ስጠራው ግንባራቸውን ቋጠሩ።

ሁለት ጉዳይ ይዤ ነው የቆምኩት። አንደኛው ጋሽ ባምላኩን መሸኘት ነው። ሁለተኛው ማስቀረት። ሁለቱ እንዴት አብረው ይሄዳሉ ለምትሉ፣ ታገሡኝ። የማዕከላችን ልጆች ቅዳሜ ፊልም መቅረጽ ይጀምራሉ። ታሪኩ የድሮ ነው፤ አንድ ሽማግሌ አባት፣ ልጁ ዳኛ ፊት ቆሞ ሲከሰስና ሲዘለፍ ቁጭ ብሎ ይሰማል። ያን አባት የሚሆን ሰው የለንም። ማለቴ፣ አለን፤ እዚያ ጋቢያቸውን ተከናንበው ተቀምጠዋል። ግን እምቢ ብለዋል። ዳይሬክተሩ ለመናቸው፣ እምቢ። ባለ ፕሮጀክተሩ ጋዲሳ ለመናቸው፣ እምቢ። ያለ አባቱ ደግሞ ፊልም የሚባል ነገር የለም። ስለዚህ ዛሬ ወይ እሺ ይሉናል፣ ወይ የልጆቹ የዓመት ልፋት ገደል ይገባል። እሺ እስኪሉ ንግግሬ አያልቅም። ኬኩም አይቆረስም።

እንግዲህ በወጉ መሠረት፣ ጋሽ ባምላኩ እዚህ የመጡበትን ቀን ልንገራችሁ። እኔ በዚያ ቀን አልነበርኩም፤ አልተወለድኩም። ታዲያ ምን ችግር አለው? እሳቸውስ የነገሥታቱን ዘመን ሰው አብረውት ምሳ እንደበሉ አይደል የሚያወሩት?

የነገረኝ ጋዲሳ ነው፤ ያኔም አሁንም ፕሮጀክተሩ በሱ እጅ ነው፤ ዛሬ ደግሞ ለመታሰቢያ ብሎ ካሜራ ይዟል። አዳራሹ ጨለማ፣ ፊልሙ እየታየ ነው። አዲስ የተመደቡት የአዳራሽ ኃላፊ ጋሽ ባምላኩ በሩን ከፍተው ሲገቡ፣ ስክሪኑ ላይ ደግሞ ንጉሡ ወደ ግብር አዳራሹ ይገባል። አዲሱ ኃላፊ ባርኔጣቸውን አወለቁና ባለ በሌለ ድምፃቸው፦

«ኖር!»

ተመልካቹ ሁሉ ዞረ።

«ምን ተጎልታችሁ ታያላችሁ? ተነሡ እንጂ!»

ግማሹ ሰው ደንግጦ ተነሣ። ንጉሡ አፉን ከፍቶ መናገር ጀመረ። ጋሽ ባምላኩ አንገታቸውን ሰበር አድርገው ጥቂት አዳመጡት። ከዚያ ባርኔጣቸውን መልሰው ደፉና፣ «ተቀመጡ፣ ተቀመጡ። ንጉሥ አይደለም። ተሳስቼ ነው» አሉ።

በቃ፣ ከዚያን ቀን ወዲህ የማዕከላችን የግምገማ መንገድ ይሄ ሆነ። ሌላ ቦታ ገምጋሚ ነጥብ ይሰጣል። እኛ ጋ የሚታየው ተዋናዩ ብቅ ሲል የጋሽ ባምላኩ መቀመጫ ከወንበሩ መልቀቁ ነው። «ግርማ ያለው ሰው ሲገባ የምትነሺው አንቺ አይደለሽም» ይሉኛል፣ «ሰውነትሽ ነው። አንቺ በኋላ ነው የምትሰሚው።» ሙሉ ብድግ አንደኛ ነው። ግማሽ ብድግ ሁለተኛ። ጋቢ ማስተካከል ማበረታቻ።

አንድ ዓመት ታዲያ ግማሽ ብድግ ላይ ጉልበታቸው ተቆለፈ። ባላባት ሆኖ የተጫወተው ልጅ ከፊት ወንበር ዞሮ አያቸውና ማልቀስ ጀመረ። እናቱን አመሰገነ። ጋሽ ባምላኩ በበኩላቸው፣ «ጋዲሳ፣ ያዘኝ! ኧረ ያዘኝ!» ይላሉ። «አያችሁ? በስሜት ነው!» አለ ልጁ። ሽልማቱን እስከዛሬ ሳሎኑ ውስጥ ሰቅሎታል አሉ። ያሸለመው ግን ቁርጥማት ነው።

የባሰም አለ። በአንድ ፊልም ውስጥ መኳንንቱ፣ ወይዛዝርቱ፣ ሠራዊቱ ሁሉ ሲገባና ሲወጣ ጋሽ ባምላኩ ንቅንቅ አላሉም። በመጨረሻ አንዲት በቅሎ ጭነት ይዛ ገባች። ብድግ! «ኖር!» ሕግ ሕግ ነውና የዓመቱ ምርጥ ትወና ለበቅሎዋ ተሰጠ። የመሪ ተዋናዩ ዘመዶች ሊደባደቡ መጡ። «ልጃችሁ» አሏቸው ጋሽ ባምላኩ፣ «ከድካም በኋላ እንዴት እንደሚቆም ከሷ ይማር። እሷ ስትቆም ከሩቅ አገር እንደመጣች አመንኩ። እሱ ሲቆም ከመኪና እንደወረደ ነው ያወቅሁት።» የበቅሎዋ ባለቤት ሽልማቱን ሲቀበሉ ያደረጉት ንግግር ደግሞ እዚህ አዳራሽ ውስጥ ከተደረጉት ሁሉ አጭሩ ነው፦ «እሷ ብትመጣ ደስ ይላት ነበር። ሥራ ላይ ናት።»

ኢብራርን አትዩት፣ ያፍራል። እሺ፣ እዩት። ኢብራርን የማያውቅ የለም፤ አየር ጤና ጋራዥ ያለው ነው። ፊልም አሠራና ራሱን ደጃዝማች አድርጎ ሾመ። ጢም አስተከለ፣ ፈረስ ተከራየ። ግምገማው ሲያልቅ ሮጦ መጣ።

«ጋሽ ባምላኩ፣ እንዴት ነኝ? ምን ጎደለኝ?»

«አንተማ ምንም አልጎደለህ። የጎደለው ደጃዝማቹ ነው።»

«እንዴ! ፈረሱን እንኳ ራሴ ነኝ የጋለብኩት!»

«አይቻለሁ። ከመነሣትህ በፊት በግራ እግርህ ፍሪሲዮን ረገጥክ።»

መልሰን አየነው። ወላሂ፣ ረግጧል! ዳገቱ ላይ ሲደርስ ደግሞ ቀኝ እጁ ማርሽ ይፈልጋል። ኢብራር ሳምንት አኮረፈ። ከዚያ ተመልሶ መጣና ጋሽ ባምላኩ አጠገብ ተቀምጦ ፊልም ማየት ጀመረ፤ እስከዛሬም ከዚያ ወንበር አልተነሣም። ቅዳሜ ተዋናዮቹን የሚያመላልሰው መኪና የሱ ነው። ትወናውን ትቷል፤ ሁላችንም እናመሰግነዋለን።

ችግሩ ጋሽ ባምላኩ ፊልሙ ሲያልቅም ግምገማቸው አለማለቁ ነው። አብሯቸው ታክሲ የገባ ያውቀዋል። ከኮልፌ ተነሥተን ዓለም ባንክ ሰፈር እስክንደርስ ረዳቱን ይገመግሙታል፦ «አጠራርህ ጥሩ ነው፤ ዓይንህ ግን ሰውን ሳይሆን ሂሳብ ያያል።» ለቅሶ ቤት ጎኔ ተቀምጠው በጆሮዬ፣ «ሐዘኗ የልብ ነው፣ ግን ቶሎ ጀመረች» ብለውኛል። የጎረቤታችንን ሠርግ የታደማችሁ ታስታውሳላችሁ፣ ሙሽራውን በገዛ ሠርጉ ሦስተኛ አወጡት። አንደኛ የወጣው ድንኳን ተካዩ ነው።

ስለ ዘመኑ ተዋናዮች ሲናገሩማ! «ይሄ ራስ የሚራመደው ታክሲ ሊያመልጠው ነው።» «ይቺ እመቤት አንገቷን ያዞረችው ሰልፊ ለመነሣት ነው።» «አፉ 'እሺ ጌታዬ' ይላል፣ ዓይኑ ግን 'ኦኬ' ነው የሚለው!» አንድ ቀን እኔም ተናደድኩና፣ «ጋሽ፣ የድሮ ሰው ግን በምን ይታወቃል?» አልኳቸው። «የድሮ ሰው ሲቀመጥ ሁለቴ ነው የሚቀመጠው» አሉ። «መጀመሪያ እሱ ይቀመጣል። ቀስ ብሎ ደግሞ ክብሩ ይቀመጣል። የዛሬ ልጅ ሲቀመጥ ግን ወንበሩ ነው የሚቀበለው።» ይሄን ከሰማሁ ወዲህ ክፍል ውስጥ ስቀመጥ አስተማሪዬ «ምን ሆነሻል፣ አመመሽ?» ትለኛለች።

እንግዲህ ሳቃችሁን ሰብስቡልኝ።

መጀመሪያ ቡድኑን የተቀላቀልኩ ቀን ያየነው ፊልም መሪ ተዋናይ ስሙ የገነነ ነበር። ትልልቆቹ ሁሉ አደነቁት። ጋሽ ባምላኩ ራሳቸው ብድግ ብለውለት ነበር። እኔን ማንም አልጠየቀኝም፤ እኔም እንዳልጠየቅ ውሃ እየጠጣሁ ነበር።

«አንቺስ?» አሉኝ ጋሽ ባምላኩ።

«እኔ ምን?»

«ሰውነትሽ ተነሣ?»

«አልተነሣም። ሲያለቅስ እያየነው እንደሆነ ያውቃል።»

አንዱ «ልጅ ናት፣ እንለፈው» አለ። ጋሽ ባምላኩ ግን፣ «የማንን አስተያየት ነው የምናልፈው? ጋዲሳ፣ መልሰው» አሉ። መልሰን አየን። ታዲያ ሐሳባቸውን የቀየሩ እንዳይመስላችሁ! ድርቅ አሉብኝ። እኔም ድርቅ አልኩ። ዘበኛው መብራት ሊያጠፋ መጥቶ እስኪገላግለን ድረስ ተከራከሩኝ፣ ተቆጡኝ፣ ጠረጴዛ መቱብኝ። ቤቴ ስገባ እናቴ «ምነው ፊትሽ እንዲህ በራ?» አለችኝ። ትልቅ ሰው እንደ እኩያው ሲጣላኝ የመጀመሪያዬ ነበራ። ጋሽ ባምላኩ፣ «ጎሽ የኔ ልጅ» ብለው ጭንቅላቴን ዳብሰው ቢያልፉኝ ኖሮ ዛሬ እዚህ አልቆምም ነበር። ስለዚያ ቁጣዎ አመሰግንዎታለሁ። ስሙ የገነነው ተዋናይ ግን አሁንም አስመሳይ ነው!

አሁን ወደ ሁለተኛው ጉዳይ። ባለፈው ሳምንት እኔም ለብቻዬ ለምኛቸው ነበር። «ልጄ፣ ዕድሜዬን ሙሉ ሰው ስሰፍር ኖሬ በስተርጅና ልሰፈር?» አሉኝ። ሳቄ መጣ። ከዚያ ፊታቸውን ሳየው ሳቄ ሄደ። ጋሽ ባምላኩ ፈርተዋል፤ ዓለም ባንክን ሙሉ ሲገመግሙ የኖሩት ሰው አንድ ካሜራ ፈርተዋል።

ስለዚህ ጋሽ፣ እንዳይቆጡኝ፤ ጋዲሳ የሚቀርጸው ለመታሰቢያ አይደለም። ንግግሬን ከጀመርኩ ጀምሮ ካሜራው ያለው እርስዎ ፊት ላይ ነው። ይሄን ሁሉ ያላገጥኩብዎት ዝም ብዬ አይደለም፤ ማለቴ፣ በከፊል ዝም ብዬ ነው። ግን ሲዘለፉ እንዴት እንደሚሰሙ ማየት ፈልገን ነበር። ቁርጥማቱን ስናገር ጉልበትዎን በጋቢው ሸፈን አደረጉት። በበቅሎዋ ጊዜ ሊስቁ ፈለጉና ሳቁን ጢምዎ ውስጥ ደበቁት። ፈርተዋል ስል ደግሞ ዓይንዎን ከኔ አልነቀሉም። አንዴ እንኳ ወደ ካሜራው አላዩም። ያ ሽማግሌ አባት በፊልሙ ውስጥ አንድም ቃል አይናገርም፤ ተቀምጦ መስማት ብቻ ነው። አሁን ያደረጉትን ነው የሚያደርገው።

እንዴ፣ እትዬ ወለተጻድቅ እጃቸውን አወጡ። ይናገሩ እትዬ! ... ለኋላ ሰዎች ልድገመው፤ «ውሰዱልኝ! ቤት ከዋለ እኔን ሊገመግም ነው። ትናንት ከጓዳ ስወጣ 'አገባብሽ ቸኮለ' ብሎኛል» ነው የሚሉት።

ጋሽ፣ ምን አሉ? ድምፅዎን ከፍ ያድርጉልኝ። «ቅዳሜ ከሠራሁ፣ ማን ነው የሚገመግመኝ?» ... ቡድኑ ነዋ። ከዛሬ ጀምሮ በእርስዎ ቦታ ሰብሳቢ ሆኜ የተተካሁት ደግሞ እኔ ነኝ።

«አንቺ?»

እኔ።

«እንደ አባት እያየሽ ልትራሪልኝ አይደል?»

ጋሽ ባምላኩ፣ እዚህ ሁሉ ሰው ፊት ቃሌ ነው። አልራራልዎትም። ሰውነቴ ካልተነሣ አይነሣም። ሲያስመስሉ ካየሁ «አስመሰሉ» እላለሁ፤ ከተቆጡኝም እቆጣለሁ፤ ጠረጴዛም አለን።

... ሰማችሁ? የሰማ ለሌላው ይንገር! «እንደሱ ከሆነ እመጣለሁ» ብለዋል! ጋዲሳ፣ ቀርጸኸዋል? ኢብራር፣ አታልቅስ፣ ሳምቡሳው ይረጥባል!

በሉ፣ ጠርሙሶቻችሁን ከፍ አድርጉ፤ ለስላሳም ይሁን ውሃ። ጋሽ ባምላኩ፣ ጡረታዎ እንደ ሥራ ዘመንዎ ጭቅጭቅ የበዛበት ይሁን። ጉልበትዎ ይታዘዝልዎ። እትዬ ወለተጻድቅን ያቆይልዎ፤ እሳቸውንም ከግምገማ ይሰውርልን። የሚከራከርዎት ሰው አይጡ። ዕድሜ ከጤና ጋር! ለጋሽ ባምላኩ!

ኬኩ ይቆረስ። መኪናው ቅዳሜ ጠዋት ፀሐይ ሳትበረታ ከአየር ጤና ይነሣል። ጋሽ፣ ማርፈድ ነጥብ ያስቀንሳል።