የጋሽ ወልደጻድቅ መዳፍና የቱሪያ ቀለም

ቅዳሜ ማለዳ ጋሽ ወልደጻድቅ የቀበሌውን ወፍጮ ቤት ሊከፍቱ ሲሄዱ፣ የጎረቤታቸው የሙመድ ልጅ ቱሪያ ማሽላ ይዛ በር ላይ ገጠመቻቸው። ምሥራቅ ጀርመን ኬሚስትሪ ተምራ ወደ ድሬ ከተመለሰች ገና ሳምንቷ ነው። እንኳን ደህና ገባሽ ብለዋት ሲያበቁ ከቦርሳዋ ትንሽ ጣሳ አወጣች።

«ጋሼ፣ ይህ ቀለም ሙቀት ያውቃል። ዘንጉ የሚሽከረከርበት ኩሽኔታ ላይ ስስ አድርገን ብንቀባው፣ ሰባ ዲግሪ ግድም ሲደርስ ቀዩ ይጠቁራል፤ ሲበርድ ተመልሶ ይቀላል።»

«አቦ ተይኝ ልጄ! ወፍጮ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው የሚኳለው?» መዳፋቸውን ዘረጉላት። «የኔ ዲግሪ ይኸውልሽ! ሠላሳ ዓመት በዚህ እየዳበስኩ አንድ ኩሽኔታ አላቃጠልኩም።»

እውነታቸውን ነው። ሰው የኖረበትን ሙያ ሲነኩበት ቢቆጣ አይፈረድበትም፤ ክብሩ እሱ ነዋ! መለዋወጫ በጠፋበት በዚያ ዘመን ወፍጮው ቢቆም የሳቢያን ሰፈር ዱቄት ያጣል፤ የእሳቸውም ስም አብሮ ይወድቃል።

«መዳፍዎን መናቄ አይደለም» አለች ቱሪያ። «እርስዎ የታመሙ ቀን ግን ማን ይዳብሳል?»

«ረዳቴ ሃዎ አለች።»

«እኔ ሞተር መንካት እፈራለሁ» አለች ሃዎ ከወዲያ።

«ዓይኗ ግን አይፈራም፣ ጋሼ።»

«ቀቢው እንግዲህ! ስታፍሪ አያለሁ» አሉ፣ ሳቅ እየተናነቃቸው።

ቀለሙ ሲደርቅ ሞተሩ ተነሳ። ሰዓት ሳይሞላ አንደኛው ኩሽኔታ ላይ ቀዩ ጠቆረ።

«ያጥፉት ጋሼ!»

ጋሽ ወልደጻድቅ መዳፋቸውን ለጠፉበት። «ለብ ብሏል እንጂ ምን ሆነ?»

ሃዎ እንደ ምንም ደፍራ በጣቷ ጫፍ ነካችውና ዘላ ተመለሰች። «ወላሂ ይፋጃል!»

የእሳቸው እጅ አሁንም እዚያው ነው። መዳፋቸው ሠላሳ ዓመት ሲጠነክር ኖሮ መስማት ትቷል፤ እሳቸውም ይህን የዚያን ዕለት አወቁ። ክው አሉ። ሞተሩን ራሳቸው አጠፉት። ኩሽኔታው ሲፈታ ማለስለሻ ግራሶው ደርቆ ከስሏል፤ ቃጠሎው የውስጥ ኳሶቹን ግን ገና አልነካም። ጠርገው አዲስ ግራሶ ሞሉት።

ወረፋ የያዙት ሴቶች ምን ተፈጠረ ብለው በሩን ሞሉት። ጋሽ ወልደጻድቅ «ምንም» ቢሉ ማን ያውቅባቸዋል? አላሉም።

«እጄ ደንዝዟል» አሉ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው። «ወፍጮውን ያዳነችው የሰፈራችን ልጅ፣ የሙመድ ልጅ ናት! ከእንግዲህ ፊደል የቆጠረም ያልቆጠረም ቀለሙን አይቶ ያጠፋዋል፤ ኩሽኔታው ይተርፋል፤ እኔ ብተኛም የእናንተ ዱቄት አያድርም። መማር እንዲህ ነው!»

ሴቶቹ እልል አሉ። ቱሪያ እንባዋ መጣ።

ጋሽ ወልደጻድቅ ግን ወደ ሃዎ ዞረዋል። ሠላሳ ዓመት ሌላ ሰው አስነስቶት ከማያውቀው ሞተር አጠገብ ገለል ብለው ቦታ ለቀቁላት።

«ነይ አስነሺው፣ ልጄ» አሏት።