«የወንድ መኪና»

ባለፈው ቅዳሜ ትንሽ መኪና ልገዛ ፈልጌ ወደ አንድ የመኪና መሸጫ ጎራ አልኩ። ወገቤን ስለሚያመኝ ከፍ ያለ መኪና ላይ መንጠላጠል አይሆንልኝም። ደጃፉ ላይ ግን ግድግዳውን የሚያክል ማስታወቂያ ተቀበለኝ። ከፒክአፑ ሥር «የወንድ መኪና!»፣ ከትንሿ ቀይ መኪና ሥር ደግሞ «ለወይዘሮዎች» ይላል። ሠላሳ ዓመት ያስተማርኩ ሰውዬ አፍሬ ወደ ፒክአፑ ዞርኩ።

ውስጥ የመደብሩ ባለቤት አዛውንትና የወንድማቸው ልጅ ይከራከራሉ። ልጅቱ ከኋላ ባለው ጋራዥ የምትሠራ፣ ትምህርቷን የጨረሰች መካኒክ ናት። ለገዢዎች ፒክአፑን እየነዳሁ ላሳይ ብላ ጠይቃ ኖሯል።

«ልጄ፣ ንቄሽ አይደለም» ይላሉ አዛውንቱ። «ገበያው ነው። ሴት ቢያውቅ በወንድ ያልቅ ሲባል አልሰማሽም?»

«ሰምቻለሁ፣ ጋሼ። ለመሆኑ ለማስታወቂያው ፎቶግራፍ ፒክአፑን ጭቃማው ዳገት ላይ ያወጣው ማን ነበር?»

«አንቺ ነሽ።»

«ከዚያ እኔን አውርደው ጢሙ ያምራል ብለው ጎረቤታችንን ልብስ ሰፊውን መሪው ላይ አስቀመጡት። እሱ መንጃ ፈቃድ እንኳ የለው! እውነትም በወንድ አለቀ።»

እኔ ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። አዛውንቱ ግን ፊታቸው አልተፈታም። «ምስል ነው እንግዲህ፤ ማንን ጎዳ?»

«እርስዎን። ከትናንት በስቲያ የአትክልት ነጋዴዋ ለድንች መጫኛ ፒክአፕ ቢጠይቁ፣ እርስዎ ቀይዋን ካላሳየሁ ብለው ሞገቷቸው። ዛሬ ጠዋት ከማዶው መደብር በገዙት ፒክአፕ ድንቻቸውን ጭነው በደጃችን አለፉ። አይተዋል።»

«አይቻለሁ» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

«ማዶዎቹ ይህንኑ ሥራ ሰጥተውኛል፤ እስከ ነገ መልስ ይጠብቃሉ። ከእርስዎ መለየት አልፈልግም። ግን የማውቀውን እንደማላውቅ ሆኜ ጋራዥ ውስጥ መደበቅ በቃኝ።»

ይህን ስትል ዓይኗን ከእሳቸው አልነቀለችም። እኔም ዝም ማለት ነውር መሰለኝ።

«ጌታዬ፣ ጣልቃ መግባቴን ይቅር ይበሉኝ» አልኳቸው። «እኔ የመጣሁት ቀይዋን ፈልጌ ነው። ማስታወቂያዎን ሳይ ግን ወገቤን ረስቼ ወንድነቴን ማሰብ ጀመርኩ።»

አዛውንቱ አንዴ እኔን፣ አንዴ ልጅቱን ተመለከቱ። «ለካ በራሴ ወረቀት ገዢዬን ሳባርር ነው የከረምኩት!» ብለው ተነሡና ማስታወቂያውን በገዛ እጃቸው ገነጠሉት።

መኪና ጾታ የለውም። የሚሸጥ ሰው «ምን ይጭናሉ? የት ይሄዳሉ?» ብሎ ቢጠይቅ፣ ነጋዴዋ ለድንቿ፣ እኔም ለወገቤ የሚበጀንን ሳናፍር እንገዛለን፤ ያወቀም ባወቀበት ይሠራል። አዛውንቱ ይህ የገባቸው ዘግይተው ነው፤ ከገባቸው በኋላ ግን አላመነቱም።

የፒክአፑን ቁልፍ ከመሳቢያ አውጥተው ለልጅቱ ሰጧት። «ለማዶዎቹ ሥራ አለኝ በያቸው። ከዛሬ ጀምሮ ለገዢ ነድተሽ የምታሳዪው አንቺ ነሽ። አንቺን አይቶ የሚመለስ ካለ ይመለስ፤ እስከ በሩ የምሸኘው እኔ ነኝ።»