ወርቅ ሠሪው ዘይኑዲንና ዝምተኛው የልጅ ልጃቸው

ሠላሳ ዓመት ሳይሆነው አይቀርም። አቶ ዘይኑዲን አፍንጮ በር ታክሲ ሲጠብቁ፣ ከፊታቸው የቆሙ ሁለት ሴቶች ሲያወሩ ሰምተው ነበር። አንደኛዋ፣ «አምስት ዓመት እስኪሞላው አንዲት ቃል አልወጣውም፤ ኋላ አፉን ሲከፍት ግን ማን ያስቆመው!» አለች። ሌላይቱ ስቃ አንድ ነገር ጠየቀቻት፤ ምን እንደጠየቀቻት አቶ ዘይኑዲን አያስታውሱም። ያቺን ግማሽ ወሬ ግን ይዘዋት ኖሩ። የልጅ ልጃቸው ኢርፋን ሦስት ዓመት አልፎት «እማ» ሳይል፣ ስሙን ሲጠሩትም ዞር ሳይል ሲቀር መጽናኛቸው ያቺው ወሬ ሆነች።

ኢርፋን የሚውለው ፒያሳ፣ በአያቱ ወርቅ ቤት፣ ከባንኮኒው ኋላ በተሰቀለ መጋረጃ ውስጥ ነው። መጋረጃው የሰው ዓይን እንዳያርፍበት፣ ወሬኛም «ይኼ ልጅ አይናገርም እንዴ?» እንዳይል የተሰቀለ ነው። እናቱ ሸፊቃ የቢሮ ሠራተኛ ናት። እድገታቸው የዘገየ ሕፃናትን የሚረዳ ማዕከል አፈላልጋ ልጇን አስመዝግባ ነበርና፣ ተራው ደርሶ «ሰኞ ይምጣ፤ ካልመጣ ቦታው ለሌላ ልጅ ይሰጣል» ተባለች። አባቷ ግን «ልጄን ከበሽተኛ ጋር አላስቆጥርም» ብለው ቁርጡን ነገሯት። ሸፊቃ አባቷን ተላልፋ አታውቅም፤ አልቅሳ ተወችው።

በማግስቱ ዓርብ ነበር። አቶ ዘይኑዲን ከጁምዓ ተመልሰው ሱቁን እንደከፈቱ፣ የጎረቤታቸው የወይዘሮ አስካለ ልጅ ኤዶም የእናቷን የተሰበረ ጉትቻ ይዛ ገባች። ኤዶም የሕፃናትን እድገት የተማረች፣ እንዲህ ካሉ ልጆች ጋር ስትሠራ አምስት ዓመት የሆናት ወጣት ናት። ከመጋረጃው ኋላ ጣሳ ሲቀጠቀጥ ሰማች።

«ጋሽ ዘይኑ፣ ረዳት ቀጠሩ እንዴ? ክንዱ ከእርስዎ ይበረታል!»

ሽማግሌው ሳቅ አመለጣቸው፤ ሳያስቡትም መጋረጃውን ገለጥ አደረጉት። ኤዶም ከልጁ ፊት መሬት ላይ ዘርፈጥ አለች። ጥቂት አየችውና፣ «ስንት ቃል ይናገራል?» ብላ በቀስታ ጠየቀች።

«ሸፊቃ ናት የላከችሽ!»

«ኧረ የላከኝ የእናቴ ጉትቻ ነው።»

«እንግዲያስ ስሚ፣ የአስካለ ልጅ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል። እኔ በአምስት ዓመቱ የተናገረ ልጅ አውቃለሁ።»

«የት አዩት?»

«አላየሁትም፤ እናቱ ስታወራ ሰማሁ። እናቱ ትሁን አክስቱ... ምን ታደርቂኛለሽ!»

«ዝም ብለው ጠብቀውት ነው ወይስ ደክመውበት?»

አቶ ዘይኑዲን ሐሰት የሚጠሉ ሰው ናቸው። ጉጠታቸውን አነሱ፣ መልሰው አስቀመጡት። «እሱን አልሰማሁም» አሉ በመጨረሻ። «ታክሲዬ መጣ።»

«በራሳቸው ጊዜ የሚናገሩ ልጆች አሉ፤ አልክድዎትም። የትኛው በራሱ እንደሚናገር፣ የትኛው እርዳታ እንደሚሻ ግን ቁጭ ብለን አናውቅም። ጆሮውንስ ማን አየለት?»

«ይሰማል! ሚዛኑ ቃጭ ሲል እየሮጠ ይመጣል።»

«አንዱን ድምፅ ሰምቶ ሌላውን የማይሰማ ጆሮ አለ፤ መታየት አለበት።»

«ትዕግሥት፣ ልጄ፣ ትዕግሥት! ወርቅ እንኳ በጥድፊያ አይሠራም።»

«እውነትዎን ነው። ግን ወርቁን ባንኮኒ ላይ አስቀምጠው፣ ጊዜው ሲደርስ ቀለበት ይሆናል ብለው ሻይ ይጠጣሉ?»

«ወይ የአራዳ ልጅ! በገዛ ሙያዬ መጣሽብኝ?» አሉና ሳቁ። ወዲያው ደግሞ ፊታቸው ከበድ አለ። «አላህ የወሰነውን ማን ይለውጣል?»

«ማንም። ዱዓዎን አይተዉ፤ እናቴም ትጸልይለታለች። ዝናብ የለመነ ገበሬ ግን ሞፈሩን አይሰቅልም።»

አቶ ዘይኑዲን ከመሳቢያው ሙዝ አውጥተው ልጠው፣ እንደ ልማዳቸው ቆርሰው ወደ ኢርፋን አፍ ሰደዱት።

«ዛሬ እኔ ልስጠው?» አለች ኤዶም። ቁራሹን ተቀብላ በፊቷ ትይዩ ይዛ ጠበቀች። ልጁ ተነጫነጨ።

«ስጪው እንጂ! ምን በደለሽ?»

«በልብዎ እስከ አሥር ይቁጠሩ፣ ጋሽ ዘይኑ። ሳይጠይቅ ሁሉ ከቀረበለት ለምን ይጠይቃል?»

እያጉረመረሙ ቆጠሩ። ሰባት ላይ ሲደርሱ የኢርፋን ዓይን ከሙዙ ወደ እጇ፣ ከእጇ ወደ ፊቷ ወጣ። እጁን ዘረጋና «እም!» አለ።

«ሙዝ! ይኸው ሙዝ!» ብላ ወዲያው ሰጠችው። ሁለተኛው ቁራሽ ላይ ፈጠነ። ለሦስተኛው ኢርፋን ወደ አያቱ ዞረና ዓይን ለዓይን አያቸው። «እም!»

«ወላሂ አየኝ! እኔን ነው የጠየቀኝ!» ብለው አቶ ዘይኑዲን ሙዙን እንዳለ አስታቀፉት።

ኤዶም በሳቅ ፈረሰች። «ሁሉንም ሰጡት! ከእንግዲህ ምን ይጠይቅ?»

የዚያ ቤት ጥፋት ንፉግነት አልነበረም፤ ፍቅር ነበር። እንግዳ እንዳይቸገር ሳይጠይቅ ማቅረብ ደግ ልማድ ነው፤ ለመናገር ገና መንገድ ለሚፈልግ ልጅ ግን መንገዱን ይዘጋበታል።

«ሸፊቃ ያስመዘገበችበት ማዕከልም የሚሠሩት ይኽንን ነው?» አሉ ሽማግሌው ዓይናቸውን እየጠረጉ።

«ይኽንኑ ነው፤ ምንጣፍ ላይ ጨዋታ። ጆሮው ይመረመራል፤ በቃልም በምልክትም የሚፈልገውን መናገር ይለማመዳል፤ ቤተሰቡም እንዴት እንደሚያግዘው ያያል። ከእኩዮቹ ይስተካከላል ብዬ ቃል አልገባልዎትም፤ ይኼን የሚያውቅ ፈጣሪ ነው። ግን ንጭንጩ ይቀንሳል፣ ትምህርት ቤት መግባቱም ይቀልለታል፣ ሸፊቃም ብቻዋን አታለቅስም። ሳይደርቅ በርጥቡ ነው፣ ጋሽ ዘይኑ። አንድ ነገር ብቻ፦ ከልጁ ጋር የሚውለው ሰው አብሮት መቀመጥ አለበት።»

«የሚውለውማ ከእኔ ጋር ነው» አሉ፤ ጉልበታቸውን እያሻሹ አሰቡ። ከዚያ ስልካቸውን አንስተው ልጃቸው ዘንድ ደወሉ።

«ሸፊቃ፣ ከሥራሽ እንዳትቀሪ። ሰኞ ጠዋት ሱቁን ዘግቼ እኔው እወስደዋለሁ። ምንጣፍ ላይ ነው አሉኝ፤ እቀመጣለሁ። በየቀጠሮው እኔው ነኝ የማመላልሰው።» ከወዲያ በኩል ሳቅና ለቅሶ አንድ ላይ ተሰማ። «በይ ተይ አሁን። ስንት ሰዓት ነበር ያሉሽ?»

«ሦስት ሰዓት፣ አባዬ።»

«ሁለት ተኩል እዚያ እንገኛለን።»