አገጯ የደለበው በግ

ማክሰኞ ጠዋት ዳቦ ልገዛ ስወጣ ጎረቤቴን፣ ጡረታ የወጡትን የፋብሪካ ዘበኛ፣ አጥሩ ሥር አገኘኋቸው። በጋዜጣ የተጠቀለለ ጠርሙስ ታቅፈዋል። ሽታው ከሰላምታቸው ቀድሞ ደረሰኝ።

«የትምባሆ ውሃ ነው» አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ለሆድ ትል።»

ከአራት በጎቻቸው ሁለቱ በአሥር ቀን ውስጥ ሞተዋል። የቀሩት አንዲት እርጉዝና አንዲት ግልገል ናቸው። ሠላሳ ዓመት ሌባ ያልፈሩ ሰው ብቻቸውን ወደ በረቱ መግባት ሲፈሩ ሳይ አብሬያቸው ገባሁ። የወንድማቸው ልጅ፣ የእንስሳት ሐኪሟ፣ ቀድማን ደርሳ እርጉዟ አጠገብ ተንበርክካለች።

«ጋሼ፣ እባክዎ ያን ጠርሙስ ያስቀምጡት።»

«አያቴ በዚሁ ነበር የሚያክመው።»

«ስንት ይሰጥ ነበር?»

«በግምት ነዋ።»

«ትምባሆ መርዝ ነው። ትሉን ከበጓ አይለይም። በግምት ሲሰጧት አብራው ትሄዳለች።»

«እሺ፣ የዱባ ፍሬስ? ነጭ ሽንኩርትስ?»

«የዱባ ፍሬ ምግብ ነው፣ ትብላ። ደም የሚመጥ ትል ግን በእሱ ተለምኖ ሲወጣ አላየሁም።»

ሽማግሌው ተቆጡ። «ይልቅ አገጯን እዪው፣ እንዴት እንደደለበ። ትል ያለበት እንዲህ ይወፍራል?»

ሐኪሟ የበጓን አገጭ በጣቷ ጫን አድርጋ ለቀቀችው። ፊቷ ከጠርሙሱ ይበልጥ አስፈራኝ።

«የሞቱትስ አገጫቸው ደልቦ ነበር?»

«ሁለቱም» አሉ። «ለጎረቤት ሁሉ አሳይቻለሁ።»

እውነት ነው፤ እኔም ከነዲግሪዬ አድንቄያለሁ።

«ውሃ ነው ጋሼ። ደሟ ሲያልቅ እዚያ ይጠራቀማል።» የበጓን የታችኛውን የዓይን ሽፋን በአውራ ጣቷ ገለጠችው። ቀይ መሆን የነበረበት ሥጋ እንደ ወረቀት ነጭ ነው። «ጠዋት የት ያሰማሯቸዋል?»

«ወንዙ ዳር፣ ጎህ ሲቀድ። ጤዛ ያለበት ሣር ያሳድጋል ብዬ።»

«የትሉ እጭ ሣሩ ጫፍ ላይ የሚወጣው በዚያው እርጥበት ነው።»

ሽማግሌው ጠርሙሱን መሬት ላይ አኖሩት። «በእጄ አበላኋቸው በይኛ።»

ሁለቱን በጎች መዝና በክብደታቸው ልክ፣ ለእርጉዟም የሚስማማውን መድኃኒት ሰጠቻቸው። «ትተርፋለች አልልዎትም» ብላ ሄደች። ከዚያ በኋላ ሽማግሌው በየጠዋቱ በረቱን ከመክፈታቸው በፊት ጆሯቸውን በሩ ላይ ለጥፈው ሲያዳምጡ አይ ነበር። እኔም በመስኮቴ ትንፋሼን ይዤ አብሬያቸው አዳምጣለሁ።

ተረፈች። በወሩ ወለደች። አሁን በጎቹ የሚሰማሩት ጤዛው ከደረቀ በኋላ ነው፤ መስኩም በየጊዜው ይቀየራል። ትልቋ ግልገል የባቄላ ገለባ ተጨምሮላት ክብደቷ ጨምሯል። ሽማግሌው በየሳምንቱ ዓይን ይገልጣሉ፤ ሽፋኑ የነጣ ሲያገኙ ሐኪሟን ይጠራሉ። ለሁሉም በጅምላ ቢሰጥ ትሉ መድኃኒቱን ይለምደዋል ብላ አስተምራቸዋለች። ለሞቱት ለሁለቱ ግን ይህን በጊዜው ያወቀ አልነበረም።

ትናንት ዳቦ ልገዛ ስወጣ መንገድ ላይ አገኙኝና ሰላም ሳይሉኝ የዓይኔን ሽፋን ወደ ታች ሳቡት።

«ቀይ ነው፣ ደህና ነህ» አሉ። ቀጥለው አገጬን ትክ ብለው አዩት።

እንደ ሐኪሟ በጣታቸው ጫን አድርገው ለቀቁት። ዳቦውን ሳልገዛ ወደ ቤቴ ተመለስኩ።