ከማተቡ ጋር የታሰረው ቁልፍ

እማማ ዓለሚቱ የልጅ ልጃቸው የፍቅርተ እጅ ስለዳነ ስለታቸውን ለጣራ ገዳም አግብተው ከእሷው ጋር ሲመለሱ፣ ወደ ደብረ ታቦር በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ ሻምበል ይሻውን አገኙ። ሻምበል የጦር ሰፈሩ እሳት አደጋ ክፍል ኃላፊ፣ የፍቅርተም አለቃ ናቸው። እሳቸውም የሦስት ቀን ሱባኤ ጨርሰው መመለሳቸው ነበር።

ሰላምታው ሳያልቅ እማማ ያምናውን ነገር አሰቡ። አምና የጦር ሰፈሩ የፍራሽ መጋዘን ሲቃጠል የእሳት አደጋው መኪና ውኃ ሊቀዳ የሄደው ወደ ደረቀ ጉድጓድ ነበር። መድረቁ ሻምበል በእጃቸው በሚጽፉት መዝገብ ላይ ተጽፎ ሳለ ሹፌሩ አላወቀም። የፍቅርተ እጅ የተለበለበው ያን ጊዜ ነው።

«ሻምበል፣ ያ ፍቅርተ የነገረችኝ፣ መዝገቡን በየስልኩ የሚያሳየው የሶፍትዌር ግዥ ምን ደረሰ?»

«የቀረው የኔ ፊርማ ነው፤ እኔም አልፈርም! የጦር ሰፈር መዝገብ ሩቅ አገር ያለ ማሽን ውስጥ ተቀምጦ በኢንተርኔት ይከፈት? ሃያ ዓመት በእጄ ጽፌ አንዲት ቅጠል አልጠፋችብኝም።»

«ይቅርታ ያድርጉልኝ ሻምበል» አለች ፍቅርተ። «የሚገባበት የመሣሪያ ምስጢር አይደለም። ውኃው የት እንዳለ፣ የትኛው መኪና እንደተበላሸ፣ ተረኛው ማን እንደሆነ ነው። የሚቀመጥበት ማሽን እዚሁ አገር ውስጥ እንዲሆን፣ ሳንሞክረውም እንዳንከፍል ውሉ ላይ አስገብተናል።»

«ኔትወርኩስ? ጉና ተራራ ላይ መብረቅ በመታ ቁጥር ይጠፋ የለም?»

«የመጨረሻው ቅጂ በየስልካችን ይቀራል።»

«ኧረ እኔንም ፈራ ፈራ ይለኛል» አሉ እማማ። «ሌባ ቢገባበትስ? ስልኩ ውኃ ውስጥ ቢወድቅስ?»

«ለየሰዉ የይለፍ ቃል አለው፤ ማን ምን እንዳየም ይታወቃል። ስልክ ቢወድቅ በሌላ ስልክ ይከፈታል። መዝገቡ ቢቃጠልስ እምየ፣ በምን ይከፈታል?»

«ማን አቃጥሎት! በብረት ሣጥን ቆልፌዋለሁ» አሉና ሻምበል ደረታቸውን ዳሰሱ።

የእማማ ዓይን እዚያው ተተክሎ ቀረ። ከማተባቸው ጋር ቁልፍ ታስሯል።

«ይኸ ምንድን ነው ሻምበል?»

«የሣጥኑ ቁልፍ ነዋ! ለማንም አልሰጥ።»

«ሦስት ቀን ገዳም ሰነበትሁ አላሉም?»

«አዎ…»

«ታዲያ በነዚህ ሦስት ቀናት እሳት ቢነሣ፣ ተረኞቹ ልጆች ውኃው የት እንዳለ ማንን ይጠይቁ? ያንቱን ጸሎት?»

የታመነ ሰው ጥፋት ይኸው ነው፤ ከሌባ የሸሸገውን ከባለ ጉዳዩም ይሸሽገዋል። ሻምበል ስልካቸውን አውጥተው ለተረኛው ደወሉ።

«ወርቁ፣ ደኅና ናችሁ? ሣጥኑን ስበረው። አዎ፣ ስበር! የውኃውን ገጽ አንብብና ለሁሉም ንገር።» ከዚያ ወደ ፍቅርተ ዞሩ። «ነገ እፈርማለሁ። በእጄ መጻፌን ግን አልተውም።»

«አይተዉ። ብቻ ጉድጓድ የደረቀ ዕለት ሹፌሩም አዛዡም እኩል ይወቁ፤ መኪናው በቀጥታ ውኃ ወዳለበት ይሂድ፤ አንቱም ሱባኤዎን ሳይሠጉ ይያዙ።»

«ተመስገን!» አሉ እማማ። ወዲያው ደግሞ ፊታቸው ተለወጠ።

«ፍቅርተ፣ ስልክሽ ቻርጅ አለው? እስቲ አሳዪኝ።»