ኢንጂነሩ የሚሸከመው ድንጋይ

— ሄሎ… አቤት?… አዎ፣ የአረጋ ስልክ ነው። ባለቤቱ ብርቅዬ ነኝ። ማን ልበል?… ደሳለ? የቱ ደሳለ?… እህ! ኢንጂነሩ! አረጋን ከዩኒቨርሲቲው ሥራ ያባረርከው!

— እናቴ አትበለኝ። አልወለድኩህም፣ እግዜር ይመስገን።

(ስልኩን በነጠላዋ ሸፍና) ተቀመጥ አረጋ! ማንም አይደለም… ቁጭ በል አልኩህ!

— አለሁ። ምን ገባ?… ውሃ? ከየት ገብቶ? የህንጻውን መሃል ግቢ ከላይ በመስታወት አልሸፈንከውም? «ከእንግዲህ እዚህ ጠብታ አይወርድም» ብለህ አልነበር?… ከሥር! አሃ፣ ከሥር ፈለቀ! እሰይ!… አዎ፣ እሰይ ነው ያልኩ!

— ዝም ብለህ ስማኝ። ያን የዩኒቨርሲቲውን የድሮ ህንጻ፣ ያን ሹል ሹል ቅስቱን ሁሉ፣ ድንጋይ በድንጋይ የጠገነው አረጋ ነው። «ውሃው ከተራራው በአለቱ ውስጥ ነው የሚመጣ፤ የድሮውን ቦይ አትድፈኑት» አለህ። የላስታ ሰው ቤተክርስቲያን ሲፈለፍል እንኳ መጀመሪያ የውሃውን መንገድ ነው የሚያስብ! አንተ ግን በሠራተኛው ሁሉ ፊት «መሐንዲሱ እኔ ነኝ፣ አንተ መዶሻህን ያዝ» አልከው። ቦዩን በሲሚንቶ ደፈንክ። በነጋታው እሱን አባረርክ። ከዚያ ወዲህ መሮ አልጨበጠም፣ ታውቃለህ?

— እና አሁን የቦዩ አፍ ጠፋህ… ፕላኑ ላይ የለም? ታዲያ መስታወትህን ጠይቀው!

— ምን?… እስከ ጉልበት? ቆይ፣ ተማሪዎቹስ? ልጄ ንጋት እዚያ'ኮ ነው የምታጠና! ሄሎ! ትሰማኛለህ?… ወጥተዋል? ሁሉም? ማል!… በዓይንህ አየሃት?… ተመስገን። እኔ'ማ መስታወቱ ወርዶባት፣ ገና ሳትነግረኝ ቀብሬያት ነበር።

— እንግዲያው የሚያስቸኩል የለም።… ነገ ምረቃ? ባለሥልጣን ይመጣል? ይምጣ፣ ይዋኝ!

— መኪና አትላክ። አረጋ አይመጣም፤ አንተ ትመጣለህ። እንደ በደለኛ ደንብ፣ ድንጋይ በጫንቃህ ተሸክመህ ይቅርታ ልትለምን። ያዋረድከው በሠራተኛ ፊት ነው፤ ሠራተኞቹም ይከተሉህ። በእግርህ፣ በገበያው መሃል።… ቅዳሜ መሆኑን አውቃለሁ! ለዚያ'ኮ ነው!

(ዞር ብላ) አረጋ! ጫማህን አውልቅ ብዬሃለሁ!

— ሰማህ? የቦዩን አፍ ሊያሳይህ ጫማውን እያሰረ ነው፣ ሞኙ። እኔ ግን በሩን ቆልፌዋለሁ፤ ቁልፉ ከጉያዬ ነው። ውሃው ወገብህ ሳይደርስ ድንጋይህን ምረጥ።… ትንሽ ድንጋይ? አረጋን ያዋረድከው በትንሹ ነው? ቻው!